ለእያንዳንዱ ዌብሳይት አንድ ቪኤም? በዚህ አልስማማም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዞር ከርሟል፤ አንድ ማሽን ላይ ላለ ለእያንዳንዱ ዌብሳይት የራሱ ቪኤም፣ ማለትም በኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ራሱን የቻለ ኮምፒውተር፣ ያስፈልገዋል ይላል። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አራተኛው አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ነው። ሊንኩን ልኮ ከሥሩ «ጋሼ፣ እኛ ተሳስተናል ማለት ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። ጥያቄው ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። ጽሑፉ ልክ ከሆነ ላለፉት ስድስት ዓመታት ደንበኞቼን አደጋ ላይ ጥያቸው ኖሬያለሁ ማለት ነው። ልክ ካልሆነ ደግሞ ለምን እንዳልሆነ ለልጁ በደንብ ማስረዳት አለብኝ። ለእሱ በቃል የነገርኩትን ነው እዚህ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው።

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች አንዲት ሱቅ ውስጥ። ኮምፒውተር እንጠግናለን፣ ኔትወርክ እንዘረጋለን፣ ለአካባቢው ድርጅቶች ዌብሳይትና ትንንሽ ሲስተም እንሠራለን። ጥግ ላይ አንድ ኮምፒውተር አለ፤ 4 ኮር፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ አንድ ኤስኤስዲ። እሱ ላይ ዘጠኝ ዌብሳይቶች አሉ። የአንድ የግል ትምህርት ቤት ውጤት ማሳያ፣ የአንድ ክሊኒክ ቀጠሮ መያዣ፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የዋጋ ዝርዝር፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ የዕድራችን የመዋጮ መዝገብ እና ሌሎች አራት። እያንዳንዱ የራሱ ዌብ ሰርቨር (ገጹን ለጎብኚ የሚያቀርብ ፕሮግራም) አለው፣ የራሱ ዩዘር አለው፣ የራሱ ገደብ አለው። ከርነሉ፣ ማለትም ፕሮግራሞችን ከሃርድዌሩ ጋር የሚያገናኘው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ግን አንድ ነው።

ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንድ ማሽን ላይ ከአንድ በላይ ዌብሳይት የሚያስቀምጥ ሰው ለእያንዳንዱ የራሱን ቨርቹዋል ማሽን (ቪኤም) መስጠት አለበት ይላል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ፣ የተለየ ዩዘርም ይሁን የተለየ ሰርቨር ወይም ኮንቴይነር (በዚያው ከርነል ላይ አንድን ፕሮግራም ከነፋይሎቹ ለብቻው የሚያስኬድ ክልል)፣ ለስሙ ያህል መለየት ነው፤ ምክንያቱም ከርነሉ አንድ ስለሆነ እሱ ከተሰበረ ሁሉም ተያይዞ ይወድቃል። ቀጥሎ፣ አንድ ማሽን ላይ ብዙ ዌብ ሰርቨር ማስኬድ ፖርት 80 (የዌብ ጥያቄ የሚገባበት የበር ቁጥር) ላይ ስለሚጋጭ ጣጣው ብዙ ነው ይላል። ሃርድዌርም ሆነ ከውጭ የሚከራይ ሰርቨር ስለረከሰ የቪኤም ወጪ ከቁጥር አይገባም ይላል። ቪኤም በስናፕሾት (የአንድ ቅጽበት ሙሉ ቅጂ) ስለሚቀመጥና እንዳለ ስለሚዛወር ለማስተዳደር ይቀላል ይላል። በመጨረሻም ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሁሉ የሚሠሩት እንዲህ ነው ብሎ ይዘጋል። ጸሐፊው ያመጡት ምሳሌ ደግሞ ጥሩ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ተደርድረው የሚከራዩ ክፍሎችን ያነሳሉ፤ ሌባው የግቢውን በር አንዴ ካለፈ የክፍሎቹ ቁልፍ ብዙም አያቆመውም ይላሉ።

መልሴን ከመጀመሬ በፊት ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ትክክል የሆኑበትን ልናገር። ብዙ ሰው ሁሉንም ዌብሳይት አንድ አፓቼ (የዌብ ሰርቨር ዓይነት) ውስጥ ይከትና ሁሉንም በአንድ ዩዘር ያስኬዳል። ይህ አደገኛ ነው። ደርሶብኝ ነው የምናገረው። በ2011 ዓ.ም. ስድስት ዌብሳይቶችን እንዲህ አድርጌ አስቀምጬ ነበር። የአንዱ ደንበኛ ዎርድፕረስ ላይ አፕዴት ያላደረግሁት ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ነበረ። አንድ ጠዋት ቢሮ ስገባ ስድስቱም ፎልደር ውስጥ እኔ የማላውቀው ፋይል ተቀምጧል። የተሰበረው አንዱ ብቻ ነበር። ግን አንዱን የሚያስኬደው ዩዘር የሌሎቹንም ፋይል መጻፍ ስለሚችል፣ የገባው ሰው ምንም ሳይቸገር ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገረ። ሦስት ሌሊት ሳልተኛ ነው ያጸዳሁት። ስለዚህ ጸሐፊው «እንዲህ አታድርጉ» ሲሉ አብሬያቸው እጮሃለሁ።

ችግሩ ጽሑፉ ከዚህ ተነስቶ በአንድ ዝላይ ቪኤም ላይ መድረሱ ነው። በመሃል ያለውን ሁሉ አንድ ስም ሰጥቶ ያልፈዋል። በመሃል ያለው ግን ትንሽ አይደለም፣ የቆየም ነው። ዩኒክስ ላይ አንድን ፕሮግራም ከአንድ ፎልደር ውጭ እንዳያይ የሚያደርገው ቹሩት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። እሱ ብቻውን ለደኅንነት እንደማይበቃ ስለታወቀ የዩኒክስ ዝርያ የሆነው ፍሪቢኤስዲ በ2000 አጥብቆ የሚለየውን ጄይልን አመጣ። ሊኑክስ በበኩሉ ፕሮግራሞች እርስ በርስ እንዳይተያዩ የሚያደርገውን ኔምስፔስ የሚባለውን ነገር ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ከ2002 ጀምሮ ሲጨምር ቆይቶ፣ በ2008 ራምና ፕሮሰሰር የሚገድበውን ሲግሩፕ አስገባ፣ በ2013 የዩዘር ኔምስፔስን አጠናቀቀ። ዛሬ ሲስተምዲ (ሰርቪሶችን የሚያስነሳና የሚቆጣጠር ፕሮግራም) ያለበት ማንኛውም ሊኑክስ ላይ ይህ ሁሉ ያለ ምንም ተጨማሪ ጭነት ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። የሚያስፈልገው ጥቂት መስመር መጻፍ ነው።

እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ዌብሳይት አንድ የሊኑክስ ዩዘር እንፈጥራለን። ፎልደሩን ከዚያ ዩዘር በቀር ሌላው ዌብሳይት እንዳይከፍተው እንዘጋለን። የራሱን ኢንጂንኤክስ (ዌብ ሰርቨሩን) እና የራሱን ፒኤችፒ (ገጹን የሚያዘጋጀውን ፕሮግራም) በዚያ ዩዘር ስም እንደ ራሱን የቻለ ሰርቪስ እናስነሳለን፤ ኮንፊጉም ሎጉም ለብቻ ነው። ከዚያ ሲስተምዲን እንዲህ እንለዋለን፤ ይህ ሰርቪስ የሲስተሙን ፋይሎች ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም፣ የሌላውን ቤት ፎልደር ጭራሽ አያይም፣ ጊዜያዊ ፋይሉ ለብቻው ነው፣ ከያዘው በላይ ሥልጣን በምንም መንገድ ማግኘት አይችልም፣ ከዚህ መጠን በላይ ራም አይወስድም። እያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ መስመር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ፣ ወደ ከርነሉ። የከርነል ቀዳዳ እውነት ነው፣ አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታወቀው ደርቲ ካው ተራውን ዩዘር ሩት (ሁሉን ማድረግ የሚችል የሲስተሙ አዛዥ) የሚያደርግ ነበር፤ እስኪታወቅ ድረስም ሊኑክስ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ያህል ተቀምጧል። በ2019 ደግሞ ኮንቴይነር የሚያዘጋጀው ዶከር በሚጠቀምበት ራንሲ ላይ ከኮንቴይነር ወጥቶ ዋናውን ማሽን ለመያዝ የሚያስችል ስህተት ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ነገም ይገኛል። ግን ቪኤሙስ? በ2015 ቬኖም የተባለው ቀዳዳ የተገኘው ቪኤም የሚያስኬደው ኪውኢሙ ውስጥ ነው። ማንም በማይጠቀምበት የፍሎፒ ዲስክ ኮድ በኩል ከቪኤም ወደ ሆስቱ (ቪኤሙ ወደተቀመጠበት ዋናው ማሽን) መውጣት ያስችል ነበር፣ ኮዱም ከ2004 ጀምሮ እዚያው ነበር። በ2018 መጀመሪያ ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉ የፕሮሰሰር ቀዳዳዎች መጡ። በዚያው ዓመት ፎርሻዶው ተጨመረ፤ እሱ ደግሞ ኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ አንዱ ቪኤም የራሱ ያልሆነ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ውስጥ ያለውን እንዲያነብ የሚያስችል ነበር።

ይህን ያልኩት ቪኤም ቀጭን ግድግዳ ነው ለማለት አይደለም። ቪኤም ከሆስቱ ጋር የሚገናኝበት መስመር ጠባብ ነው፣ ተራ ፕሮግራም ከከርነሉ ጋር የሚገናኝበት ግን ሰፊ ነው። በዚህ ጸሐፊው ትክክል ናቸው፣ የቪኤም ግድግዳ ይወፍራል። የማልቀበለው «ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ለስሙ ነው» የሚለውን ነው። የግድግዳ ውፍረት ልዩነትና የግድግዳ አለመኖር አንድ አይደሉም።

የግቢው ምሳሌም እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ሌባው በግቢው በር አይደለም የሚገባው። የሚገባው በአንዱ ተከራይ መስኮት ነው፤ ማለትም በአንዱ ዌብሳይት በኩል። ከገባ በኋላ ያለው ያ ክፍል ውስጥ ነው፣ የዚያ ክፍል ሰው ሆኖ። ወደ ሌላው ለመሄድ ወይ የተከፈተ በር ማግኘት አለበት፣ ወይ ግድግዳ መቆፈር። በ2011 ዓ.ም. እኔ ጋ የደረሰው የተከፈተ በር ነበር። በሩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ያ ሰው የከርነል ቀዳዳ ይፈልግ ነበር፣ እኔም ከርነሌን በጊዜ አፕዴት ካደረግሁ ያ ሥራ ከብዶት ይቀር ነበር። እኛ ሰፈር ሰው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የሚኖረው። ደረጃው የጋራ ነው፣ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ የጋራ ነው። የብረት በሩና የመብራት ቆጣሪው ግን የየራስ ነው። የጎረቤትህ ቤት ሲዘረፍ ያንተም አብሮ ተዘረፈ አይባልም።

ደግሞ ዌብሳይቶች በምን እንደሚሰበሩ የሠራ ሰው ያውቀዋል። አፕዴት ባልተደረገ ፕለጊን፣ ቀላል ፓስወርድ፣ የተጻፈበትን ሳያጣራ ዳታቤዝ ውስጥ የሚያስገባ ፎርም፣ ፎልደር ውስጥ የተረሳ የባክአፕ ፋይል። ቪኤም ከእነዚህ አንዱንም አያቆምም። አምና አንድ ድርጅት ጠርቶኝ ሰርቨሩን ሳይ ስድስት ቪኤም አገኘሁ፣ ለእያንዳንዱ ሲስተም አንድ። ወረቀት ላይ በጣም ያምራል። ግን ስድስቱም ከአንድ ቪኤም የተቀዱ ስለሆኑ የሩት ፓስወርዳቸው አንድ ነበር። ሁሉም አንድ ቨርቹዋል ስዊች ላይ ነበሩ፣ በመሃላቸው ፋየርዎል የለም፣ የአንዱ ዳታቤዝ ለአምስቱም ክፍት ነው። ስድስት ግቢ በስድስት አጥር ታጥሮ፣ ቁልፉ አንድ። ያንን ሰርቨር ሳይ ቪኤም ብሎ መጥራት ብቻውን መለየት እንዳልሆነ በደንብ ገባኝ። ጥያቄው «ስንት ማሽን አለህ?» ሳይሆን «ከዚህ ተነስቶ ወዴት መድረስ ይቻላል?» ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ድክመት ልናገር፣ ምክንያቱም ጸሐፊው ባያነሱትም ሊያነሱት ይችሉ ነበር። መጀመሪያ ዘጠኙን ሰርቨሮች በውስጥ አድራሻ፣ እያንዳንዱን በየራሱ ፖርት ነበር ያስቀመጥኳቸው። ይህ ማለት አንዱ ዌብሳይት ከተሰበረ የገባው ሰው የሌላውን የውስጥ ፖርት ማንኳኳት ይችላል። ፋይሉን ማየት አይችልም፣ ግን በሩን ያንኳኳል። አሁን ፖርቱን ትተን በዩኒክስ ሶኬት ቀይረነዋል። ሶኬት እንደ ፋይል ስለሆነ ማን መክፈት እንደሚችል በፈቃድ ይወሰናል። ዳታቤዙም አንድ ማሪያዲቢ ነበር፣ ለየዌብሳይቱ የተለየ ዩዘርና ፓስወርድ ይዞ። የትምህርት ቤቱን ግን የልጆች መረጃ ስለሆነ ለብቻው በሚነሳ ሌላ ማሪያዲቢ ላይ አውጥተነዋል። እነዚህን ሁለቱን ሳይነኩ «ለይቻለሁ» የሚል ሰው ካለ፣ የጸሐፊው ወቀሳ እሱን ያገኘዋል።

የፖርቱ ነገር አጭር ነው። አዎ፣ ሁለት ሰርቨር አንድ አድራሻና አንድ ፖርት በተለመደው መንገድ አብረው መያዝ አይችሉም። ግን ለዚህ መፍትሔው የቆየ ነው። ከፊት አንድ ሰርቨር ይቆማል፣ የመጣው ሰው የትኛውን ዌብሳይት እንደሚፈልግ በስሙ አይቶ ወደየቤቱ ይሸኘዋል። ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ፣ ኤችቲቲፒ 1.1፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዌብሳይቱን ስም ከጥያቄው ጋር እንዲላክ ያስገድዳል። ለተመሰጠረው ግንኙነትም ኤስኤንአይ የሚባለው ይህንኑ ይሠራል። ደግሞ ጸሐፊው አንድ ነገር ዘለዋል። እንደኛ አንድ የሕዝብ አይፒ አድራሻ (ከውጭ የሚታይ የኢንተርኔት አድራሻ) ብቻ ያለው ሰው ዘጠኝ ቪኤም ቢያስነሳም ያው ከፊት የሚሸኝ ሰርቨር ያስፈልገዋል! ፖርት 80 ለዘጠኝ ቪኤም አይከፋፈልም። ስለዚህ ይህ ጣጣ በሁለቱም በኩል እኩል ነው። የፊተኛው ሰርቨር የሁሉንም ሰርተፍኬት ቁልፍ ይዞ መቀመጡ እውነተኛ ስጋት ነው፣ እሱን ከሁሉም በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል። ግን ይህም ቪኤም ስላለህ አይጠፋም።

ወጪው ላይ ግን ረጋ ብዬ ልናገር፣ ምክንያቱም ይህ ነጥብ ነው ያናደደኝ። «ከቁጥር አይገባም» ማለት ለማን ነው? የእኛን ማሽን እንውሰድ። አንድ የሊኑክስ ቪኤም ራሱ ከርነሉ፣ ሎጉ፣ ኤስኤስኤቹ፣ ዳታቤዙ፣ ዌብ ሰርቨሩ ሲደመር በምቾት እንዲሠራ 1 ጊጋባይት ራም ስጡት። ዘጠኙ 9 ጊጋባይት ነው። እዚህ ማሽን ላይ አንድ ቪኤም አስቀድሞም አለኝ፤ አንድ ደንበኛ ሂሳቡን በፒችትሪ ስለሚሠራ ለእሱ ዊንዶውስ ተጭኖ 4 ጊጋባይት ይዟል። ሲደመር 13። ለሆስቱ ሲቀር 3 ነው። ይኬዳል፣ ግን ትንፋሽ የለም። አሁን ባለንበት አሠራር አንድ ኢንጂንኤክስ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ የሚይዘው ጥቂት ሜጋባይት ነው። ፒኤችፒው ሥራ ሲበዛ ይጨምራል፣ ሲቀንስ ይለቃል። የለቀቀውን ራም ሌላው ይወስደዋል። ቪኤም አንዴ የያዘውን ራም እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ለትክክለኛነቱ፣ ሊኑክስ የቪኤሞችን ተመሳሳይ ማስታወሻ አንድ ላይ የሚያዋህድበት ኬኤስኤም የሚባል ዘዴ አለው፣ ቪኤም ያልተጠቀመበትን ራም የሚያስመልስ ባሉን የሚባልም አለ። ይረዳሉ። ግን ማስታወሻ ማዋሃድ ራሱ አንዱ ቪኤም የሌላውን እንዲሰልል ቀዳዳ እንደሚከፍት ስለታየ፣ ለመለየት ብለህ ያመጣኸውን ነገር በሌላ በኩል መልሰህ ታጋራለህ።

ራም ይገዛል ትሉኝ ይሆናል። ማሽኑን የምገዛው እኔ ነኝ፣ የሚከፍሉኝ ደግሞ ዕድርና የሰፈር ክሊኒክ ናቸው። ጸሐፊው በ5 ዶላር ከውጭ ሰርቨር ይከራያል ይላሉ። ዘጠኝ ጊዜ 5 በወር 45 ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ደንበኛዬ የሚከፍለኝ በብር ነው፣ ከዚያ ወዲህም ክፍያውን እጥፍ ላድርግብህ ብዬ አልጠየቅኩትም፤ ልጠይቀውም አልችልም። ዶላር የሚቆርጥ ካርድ ማግኘቱም ለትንሽ ሱቅ ቀላል አይደለም። እዚህ ሰፈር ያለ ሰው በአንድ ማሽን ዘጠኝ ቤት ማስተዳደር ከቻለ ይህ ቁጠባ ብቻ አይደለም፣ ዌብሳይቱ በመኖርና ባለመኖር መካከል ያለ ልዩነት ነው። የዕድሩ መዝገብ በቪኤም ዋጋ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ደብተር ላይ ነበር።

መብራቱም አለ። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሳችን ሃያ ደቂቃ ያህል ይይዛል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዘጠኝ ቪኤም አንድ በአንድ በሥርዓት መዝጋት ወይም የያዙትን ራም ሁሉ ዲስክ ላይ መጻፍ አለ። መብራት ሲመጣ ደግሞ ዘጠኙ ሲስተም በአንድ ጊዜ ከዜሮ ሲነሳ ዲስኩ ይጨነቃል። እኛ የምንዘጋው አንድ ሲስተም ነው፣ የምናስነሳውም አንድ። ሰርቪሶቹ በሰከንዶች ይነሳሉ። ዘመናዊ ዳታ ሴንተር ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ ምንም ላይመስለው ይችላል፣ ለእኛ ግን በሳምንት ስንት ጊዜ የሚገጥመን ነገር ነው።

መለየት ማለት ደግሞ ደኅንነት ብቻ አይደለም፤ አንዱ ሌላውን እንዳያንቅም ነው። ሰኔ 30 ምን እንደሆነ ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቃል። ካርድ የሚሰጥበት ቀን ነው። ትምህርት ቤቱ ውጤት በዌብሳይት ያወጣ ጊዜ ወላጆች ሁሉ በአንድ ጊዜ ገቡ፣ ልጁ ከጎን ሆኖ ቶሎ ክፈት ይላል፣ ገጹ ሲዘገይ ሰው ደጋግሞ ይነካዋል። የትምህርት ቤቱ ፒኤችፒ ራሙን ጨርሶ ገደቡ ላይ ደረሰ። ሲስተምዲ የያዘለት ገደብ ስለነበር ከርነሉ የገደለው የራሱን የትምህርት ቤቱን ፕሮሰስ ነው፣ ሲስተምዲም ወዲያው መልሶ አስነሳው። ክሊኒኩ በዚያው ሰዓት ቀጠሮ እየተቀበለ ነበር፣ ምንም አልሰማም። ማታ የራሙን ገደብ ከፍ አደረግሁለት። አንድ ቁጥር መቀየር ነበር፣ ሌላው ማንም አልተነካም።

ስናፕሾት ላይ ከጸሐፊው ጋር ብዙ አልጣላም። አፕዴት ከማድረግህ በፊት ቪኤሙን እንዳለ ይዞ ማስቀመጥ፣ ካልሆነም ወደ ነበረበት መመለስ፣ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው። በእኛም በኩል ኤልቪኤም ወይም ቢትሪኤፍኤስ የሚባሉት የሊኑክስ የዲስክ ማስተዳደሪያዎች ተመሳሳዩን ያደርጋሉ፣ ግን ትንሽ ዝግጅት ይፈልጋሉ፤ ይህን እቀበላለሁ። የማልቀበለው ስናፕሾትን ባክአፕ ብሎ መጥራትን ነው። ያው ዲስክ ላይ ያለ ስናፕሾት ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። እየሠራ ያለ ዳታቤዝ ስናፕሾት ደግሞ መብራት በድንገት ሲሄድ ዲስኩ ላይ የሚቀረው ዓይነት ነው፤ ዳታቤዙ ራሱን ማስተካከል ከቻለ ጥሩ፣ ካልቻለ ግን ችግር ነው። እኛ በየሌሊቱ ዳታቤዙን በራሱ መሣሪያ አውጥተን፣ ከፎልደሩና ከኮንፊጉ ጋር ጠቅልለን ከሱቁ ውጭ እንልካለን። የቁጠባ ማኅበሩ ሙሉ ጥቅል 300 ሜጋባይት አይሞላም። ያንኑ እንደ ቪኤም ዲስክ ልላከው ብል ብዙ ጊጋባይት ነው፣ እኛ ባለን የመላኪያ ፍጥነት ሌሊቱ ይነጋል።

ለማስተዳደር ይቀላል የተባለውም ቢሆን ቆም ብሎ መቁጠር ይፈልጋል። ዘጠኝ ቪኤም ማለት ዘጠኝ ከርነል፣ ዘጠኝ ኦፕንኤስኤስኤል (ግንኙነትን የሚመሰጥረው ላይብረሪ)፣ ከሆስቱ ጋር አሥር አፕዴት የሚፈልግ ሲስተም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2014 ሃርትብሊድ የተባለው የኦፕንኤስኤስኤል ቀዳዳ ሲመጣ መፍትሔው ኦፕንኤስኤስኤልን አፕዴት አድርጎ የሚጠቀሙበትን ሰርቪሶች ማስነሳት ነበር። አንድ ሲስተም ያለው ሰው አንዴ አደረገ። ዘጠኝ ያለው ዘጠኝ ጊዜ፣ ከረሳ ደግሞ አንዱ ቤት ክፍት ሆኖ ይቀራል። ይህን በአውቶሜሽን መፍታት ይቻላል፣ ትልቅ ቡድን ያለው ድርጅት ይፈታዋልም። እኛ ሁለት ሰዎች ነን። ከላይ ያነሳሁት ድርጅት ከስድስቱ ቪኤሞች ሁለቱ ከተጫኑ ጀምሮ አንድም አፕዴት አልተደረገላቸውም ነበር። ይህ ወቀሳ ዶከርንም ይነካል፤ እያንዳንዱ ኢሜጅ የራሱን ላይብረሪ ስለሚይዝ ሳይታደስ ሊረሳ ይችላል። ዶከርን ትተን በቀጥታ በሲስተምዲ የምንሠራበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ናቸው። ጽሑፉ የተሳሳተው ከሁሉም በላይ እዚህ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም እውነታው ከሚለው ተቃራኒ ነው። ሊኑክስ ላይ ሲግሩፕን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመሩት የጉግል ኢንጂነሮች ናቸው። ጉግል በ2015 ሥራዎችን በማሽኖቹ ላይ ስለሚያከፋፍልበት ቦርግ ስለሚባል ሲስተም ባወጣው ጥናት የራሱን ሥራዎች በብዛት የሚያስኬደው በቪኤም ሳይሆን በሲግሩፕ በተሠሩ ኮንቴይነሮች እንደሆነ ጽፏል። ቪኤም የሚጠቀመው የውጭ ደንበኛ ያመጣውን ሶፍትዌር ሲያስኬድ ነው፤ ያንኑ ቪኤም ራሱንም እንደ አንድ የቦርግ ሥራ ነው የሚያስነሳው። አማዞንም የደንበኞችን ኮድ የሚያስኬድበትን ላምዳን ሲጀምር የአንድ ደንበኛን ፈንክሽኖች እርስ በርስ የለየው በኮንቴይነር ነው፣ አንዱን ደንበኛ ከሌላው የለየው ግን በቪኤም። በኋላ በ2018 ፋየርክራከር የተባለውን ትንሽዬ ቪኤም ሠሩ፤ ከ125 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይነሳል፣ ለራሱ የሚይዘውም ራም ከ5 ሜጋባይት በታች ነው። ይህን ለመሥራት የተገደዱት ተራው ቪኤም ከብዷቸው ነው።

ከሁለቱ የምረዳው አንድ ነገር ነው። ኮዱን ራሴ ጽፌው ወይም አይቼው፣ ማስተዳደሩም በእኔ እጅ ከሆነ፣ የተለየ ዩዘርና የተለየ ሰርቨር ይበቃል። ማንነቱን የማላውቀው ሰው የማላውቀውን ኮድ የሚያስኬድ ከሆነ፣ ወይም ደንበኛው ራሱ ሩት መሆን ከፈለገ፣ ወይም ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚፈልግ ከሆነ፣ ቪኤም ያስፈልጋል። ጽሑፉ ይህን ጥያቄ አንድም ቦታ አይጠይቅም። ለሁሉም አንድ ልብስ ነው የሰፋው።

ለልጁም ያልኩት ይህንኑ ነው። ትንሽ አሰበና «እሺ፣ ክሊኒኩስ?» አለኝ። ልክ ነው የጠየቀው። ክሊኒኩ ባለፈው ወር የራሱን ፕሮግራመር ቀጥሯል፣ ፕሮግራመሩም በራሱ እየገባ መጫንና መቀየር እንዲችል ሩት ይፈልጋል። ከእንግዲህ እዚያ ውስጥ የሚገባው ኮድ በእኔ እጅ አይሆንም። ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ሲቀንስ ክሊኒኩን ወደ ቪኤም እናወጣዋለን። 2 ጊጋባይት ራም፣ የራሱ ኔትወርክ፣ ከሌሎቹ ስምንት ጋር በፋየርዎል ተቆርጦ፣ የሩት ፓስወርዱ ደግሞ ለእሱ ብቻ የተሠራ። ልጁ ነው የሚሠራው፣ እኔ ከጎኑ እሆናለሁ።